ስለ አባባ እግርና ስለ ሌሊታቸው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ስንደዋወል አባባ አጠገብሽ ስለሚሆኑ ግማሹን ጉዳይ ዋጥ አድርገን እናልፈዋለን። ስለዚህ ስለ እሳቸው አያያዝ ማወቅ የሚገባሽን በወረቀት አሰፈርኩልሽ። በአንድ ጊዜ አትጨርሺው፤ ሲያስፈልግሽ እያወጣሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። አሮጌ ወታደር «ምን ያምዎታል?» ሲባል «ደህና ነኝ» ይላል። ሊዋሽ ፈልጎ ሳይሆን ልማድ ሆኖበት ነው። ጦር ሜዳ ላይ ቃሬዛው ጥቂት፣ ቁስለኛው ብዙ ነውና መቆም የቻለ ሁሉ ተራውን ለባሰበት ጓዱ ይለቃል። ያ ልማድ ጡረታ አይወጣም። ጦር ኃይሎች ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ሐኪም ፊት ብታስቀምጪያቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። አንቺ ግን አትጠይቂያቸው፤ በዓይንሽ እዪ፣ በእጅሽ ዳብሺ፣ በመለኪያ ለኪ።

ከጉልበት በታች ከተቆረጠው ግራ እግራቸው ልጀምር። ሐኪሞቹ ስታምፕ የሚሉትን ቀሪውን እግር ማታ ማታ እጠቢላቸው፤ ጠዋት አይሁን። ጠዋት ታጥቦ እርጥበቱ ሳይደርቅ አርቴፊሻሉ እግር ውስጥ ከገባ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ቀሪው እግር ከሚገባበት ኩባያ ጋር እየተጣበቀ ይላጣል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክርንሽ ለኪው እንጂ በእሳቸው ስሜት አትተማመኚ። ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃል። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፤ ቅሪቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆዳውን ያሳክካል። በፎጣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው እንጂ አትፈትጊው። አልኮል፣ ዴቶል፣ በረኪና አይነካው። ቅባት ካስፈለገ ማታ ብቻ፣ ስስ ተደርጎ። ፀጉሩንም በምላጭ አትላጪው፤ የተቆረጠው ፀጉር ወደ ውስጥ ሲያድግ ብጉር ይሆናል፣ ብጉሩም መግል ይይዛል።

ከዚያ የእጅ መስታወት ወስደሽ ከታች እዪው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ማየት የማይችሉት ያንን ነው። አርቴፊሻሉን ባወለቁ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ቅላት አያሳስብም። ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ኩባያው አንድ ቦታ እየጫነ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ቀን ከተራመዱበት ቆዳው ይከፈታል። ጫፉ ወደ ሐምራዊ ከጠቆረና ውኃ ካዘለ ነገሩ ይለያል፦ ኩባያው ከላይ አንቆ ይዞ ታች ክፍተት ትቷል ማለት ነው፤ ደሙ ይወርዳል፣ መመለሻ ግን ያጣል። ይህን ካልሲ በመደራረብ አታስተካክዪውም። ወደ ሰው ሠራሽ አካል ማዕከሉ ሄደው ኩባያው መስተካከል አለበት፤ እስከዚያ በክራንች ይሂዱ።

ቀሪው እግር ላይ የሚለበሰው ካልሲ በየቀኑ ይቀየር። ቀሪው እግር መጠኑ አንድ ሆኖ አይውልም፤ ጠዋት ሞላ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይሟሽሻል። ሲሟሽሽ አባባ ወደ ኩባያው ጠልቀው ይገባሉ፤ የአጥንቱ ጫፍ ታች ይመታል፣ ከጉልበታቸው ሥር ያለው አጥንት ይላጣል። «ዛሬ እግሬ አጠረብኝ» ማለት ሲጀምሩ አንድ ስስ ካልሲ ይጨመር። ወፍራም ሦስት አራት መደራረብ ካስፈለገ ግን ኩባያው ሰፍቷልና አዲስ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ የፒያሳ ቤት ውስጥ ልብስ በሁለት ቀን እንኳ እንደማይደርቅ ታውቂያለሽ፤ ቢያንስ ስድስት ካልሲ ይኑራቸው። እርጥብ ካልሲ ከሚለብሱ አንድ ቀን በክራንች ቢውሉ ይሻላል። የኩባያውን ውስጥም ማታ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ጥረጊው፤ እስኪነጋ ይደርቃል።

ጫማ ሳያማክሩሽ እንዳይቀይሩ። አርቴፊሻሉ የተስተካከለው በአሮጌው ጫማ ተረከዝ ልክ ነው። ከመርካቶ ተረከዙ ከፍ ያለ ቢገዙ ጉልበታቸውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ዝቅ ያለ ቢሆን ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ከወር በኋላ «ጉልበቴን ብርድ መታኝ» ሲሉ ምክንያቱ ጫማው ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ ሲተኙ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አታድርጊላቸው። ደስ ይላቸዋል፤ ግን ጅማቱ በታጠፈበት ያጥራል፣ ከዚያ እግሩ አይዘረጋም፣ ያልተዘረጋ እግር ደግሞ ኩባያ ውስጥ በትክክል አይቆምም። በቀን ሁለቴ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆዳቸው ይተኙ። ሬዲዮ እያዳመጡ ከሆነ እሺ ይላሉ።

በዳገትና በደረጃ ላይ ደንቡ አጭር ነው፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ አርቴፊሻሉ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጡና በቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሲወርዱ ይህ ልዩነት ጉልበት ይቆጥባል፤ ውድቀትም ያስቀራል። ታክሲ ውስጥ ከኋላ አይግቡ፤ ጋቢና ይቀመጡ፣ የሞላ ከሆነ የሚቀጥለውን ጠብቁ። ክራንቹ ከብብታቸው በታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይራቅ፤ መያዣው እጃቸው ወደ ታች ሲንጠለጠል አንጓቸው ላይ ይድረስ። በብብታቸው ተንጠልጥለው ከሄዱ ክራንቹ ነርቭ ይጫናል፤ እጃቸው መደንዘዝ፣ ከዚያም አንጓው መውደቅ ይጀምራል።

የሌለው እግራቸው ሲያማቸው «እንዴት ይሆናል?» አትበያቸው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የነርቩ መንገድ ከእግሩ ጋር አልተቆረጠም። ሲላስ ዌር ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ቁስለኞች አክሞ በእንግሊዝኛ «ፋንተም ሊምብ» የሚል ስም የሰጠው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። ቀሪውን እግር በመዳፍሽ ማሸት፣ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ ከታች ወደ ላይ እየላላ በስምንት ቁጥር ቅርጽ መጠቅለል ያስታግሳል። ረጅም መስታወት በሁለቱ እግሮች መካከል አቁመው ደህናውን እግር በመስታወቱ እያዩ ቀስ ብለው ማንቀሳቀስም አንዳንዱን ሰው በጣም ይረዳል፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሞከር። ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ሕመም በድንገት ከተነሣ ግን ምክንያት ፈልጊ፦ ቁስል፣ የጠበበ ኩባያ፣ የተዛባ ስኳር። ሐኪም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን ካዘዘላቸው ማታ ብቻ ይዋጥ፤ ሽንት እንቢ ካላቸው ወይም ሲነሡ ካዞራቸው ቶሎ ለሐኪሙ ንገሪ፣ በእሳቸው ዕድሜ ፕሮስቴትም አለና። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከጎረቤት አይዋሱ፤ ሱስ ያስይዛል።

ደህናው እግር አሁን ሁለት እግር የሚሸከመውን ብቻውን ይሸከማል፤ ስኳር ደግሞ ስሜቱን ሰርቆታል። እሱንም በየማታው በጣቶቹ መሐል ሳይቀር እዪ። ጥፍራቸውን አንቺ ቁረጪ፣ ቀጥ አድርገሽ። በብርድ ጊዜ ከሰል አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው መሞቅ ይወዳሉ፤ አደራሽን ይህን አስቀሪ። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም፤ ሽታው ነው የሚነግርሽ። ጋቢና የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ስለ ጾሙ። የስኳር መድኃኒታቸውን ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ቢውሉ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ በአሮጌ ሰው ላይ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ካየሽ ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም ለኪ፣ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። መዋጥ ካቃታቸው በአፋቸው ምንም እንዳታደርጊ፤ በጎናቸው አስተኝተሽ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደውዪ። ከጾሙ በፊት የንስሐ አባታቸውን ቤት ጋብዢና ጉዳዩን ንገሪያቸው። አባባ አንቺን «እሺ» ብለው ያልፉሻል፤ የንስሐ አባታቸው ከተናገሩ ግን ትእዛዝ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ተኝተው ሲጮኹ ወይም ሲታገሉ በእጅሽ ነክተሽ አትቀስቅሻቸው። በዚያ ሰዓት የሚነካቸው እጅ የአንቺ መሆኑን አያውቁም፤ ሳያስቡ ሊመቱሽ ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማቸው ኀፍረት ከቅዠቱ ይብሳል። መብራት አብሪ፣ ከአልጋው ግርጌ ቁሚ፣ በስማቸው ጥሪያቸው፤ «ቤትህ ነህ፣ ፒያሳ ነን፣ እኔ ነኝ» በያቸው፣ ደጋግመሽ፣ በዝግታ። ሲነቁ ሕልሙን እንዲተርኩልሽ አትጎትጉቻቸው። ልብሳቸው በላብ ከራሰ ደግሞ ጦርነቱ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ስኳራቸውን ለኪ። የወረደ ስኳርና የጦርነት ቅዠት ሌሊት ላይ አንድ ይመስላሉ፣ አንደኛው ግን በሰዓታት ይገድላል።

ይህ እብደት አይደለም፣ የልብ ድክመትም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐኪሞች የመድፍ ድንጋጤ ይሉት ነበር፤ ዛሬ የሚጠራበትን ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቀር የአእምሮ ጭንቀት) የሚለውን ስም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. መዘገበው። ብዙ ጊዜ በሥራና በልጅ ማሳደግ ተሸፍኖ ይቆይና ጡረታ ሲመጣ፣ ጓደኞች ሲሞቱ፣ ጆሮ ሲደክም ይገለጣል። ሕክምናም አለው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ሄዶ መነጋገር የሚያሳፍር አይደለም። በመጠጥና ያለ ማዘዣ በሚገዛ ዲያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ማስተኛት ግን ችግሩን ያብሰዋል፣ ሁለቱ ከተደራረቡ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማሉ። የአዲስ ዓመት ርችት፣ በሰፈሩ ቁፋሮ የድንጋይ መስበሪያው ድምፅ፣ የካቲት 26 የካራማራ ቀን ሲቃረብ የሚመጣው ዝምታ፤ እነዚህን ቀድመሽ አስቢያቸው፤ ርችት ሊተኮስ መሆኑን ካወቅሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የሚያስደነግጠው ድምፁ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው።

አንድ ቀን «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ፣ በሞትኩ» ካሉ እንደ ምሬት አታሳልፊው። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ መናገሪያ በር ይከፍታል። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን አትተያቸው፣ መድኃኒቱን ሁሉ አንቺ ዘንድ ቆልፊ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያቸው። ለእኔም በማንኛውም ሰዓት ደውዪ።

ጆሮአቸው በመድፍ የተጎዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን ይምታታበታል፤ በተለይ እንደ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ያሉትን። ስለዚህ መጮህ አይጠቅምም፤ ፊት ለፊታቸው ሆነሽ ድምፅሽን ወፈር አድርገሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። መድኃኒት ቤት ሲነገራቸው አንገታቸውን ስለነቀነቁ ሰምተዋል ማለት አይደለም፤ መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ። የመስሚያ መሣሪያ ከመጠየቃችሁ በፊት ኩክ መኖሩ ይታይ። ዘይት አታፍስሺበት፣ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ጀርባቸው ውስጥ ስላለው ፍንጣሪ የሕክምና ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ኤምአርአይ ቢታዘዝላቸው ከመግባታቸው በፊት ይነገርና ራጅ ይነሣ፤ ማሽኑ ማግኔት ነው፣ ብረት ያንቀሳቅሳል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ፍንጣሪ ላውጣ አይባልም። ግን በፍንጣሪው አካባቢ አዲስ እብጠት፣ ከአሮጌ ጠባሳ የሚወጣ መግል፣ ለወራት የማይድንና ጠርዙ ያበጠ ቁስል ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጃቸው። አጥንቱ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ዓመት የኖረ ቁስል ወደ ካንሰርም ሊለወጥ ስለሚችል ናሙና ይወሰድለት።

ስለ አንቺም ልበል። ሲወድቁ ብብታቸውን ይዘሽ አታንሺ፤ የእሳቸው ትከሻ ይወልቃል፣ ያንቺ ወገብ ይቀራል። መጀመሪያ ሕመም ያለበትን አጣሪ፣ ከዚያ ወደ ጎናቸው ይዙሩ፣ ጠንካራ ወንበር አቅርቢላቸው፣ በክንዳቸው ተደግፈው በደህናው እግር ራሳቸው ይነሡ። አንቺ ከኋላ ቀበቶአቸውን ብቻ ያዢ። ካልተቻለ ብርድ ልብስ አልብሰሽ ጎረቤት ጥሪ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስድስት የጥጥ ካልሲ፣ እጀታ ያለው መስታወት፣ ሁለት የክራንች ጫማና 50 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ልኬልሻለሁ። የክራንቹ ላስቲክ ታች ያለው ጥርሱ ካለቀ ዛሬውኑ ቀይሪው፤ ዝናብ በነካው ኮብልስቶን ላይ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። የስትሪፑን ቆርቆሮ ክዳን ገጥመሽ ያዢው፤ እርጥበት ከገባው ቁጥሩ ይሳሳታል። ለአባባ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ልጅሽ