በገናውን የሚጠግነው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በገና የሚማሩ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸውን የጻፋችሁትን ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። በጣም ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ቀርቶበታልና እሱን ልጨምርበት።

አባቴ በገና ደርዳሪ ነበር። በሁዳዴ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። እኛ ልጆቹ ስንሰማ እንቅልፍ ይወስደናል። በኋላ ደርግ መጣ፣ በገና ከሬዲዮም ጠፋ፣ አባቴም ፈራ። እናቴ በገናውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከአልጋው ጀርባ አቆመችው። አባቴ ሲያርፍም እዚያው ነበር።

አሁን 58 ዓመቴ ነው። ከ3 ዓመት በፊት የሰፈራችን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰቡ ድርደራ መማር ሲጀምሩ እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ ሁለቱ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ፣ ግን «እትዬ፣ ጣትዎ እንዲህ ይሁን» እያሉ ያስተምሩኛል።

የአባቴን በገና ከነጠላው ስፈታው ጅማቱ ደርቆ ተበጣጥሷል፣ ቆዳውም ተሰንጥቋል። የሚጠግንልኝ ሰው ከተማውን ዞሬ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ሲያቅተኝ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ አዲስ በገና ገዛሁ። መልኩ ያምራል፣ ቀንበሩ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ቤት አምጥቼ ስነካው ግን ድምፁ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ወጣ። ያ የማውቀው እዝዝታ የለም። ከእኔ ስንፍና ነው ብዬ 2 ወር ሙሉ ታገልኩ።

አንድ ቀን ከወረኢሉ በኩል የመጡ አባት ቡድናችን ዘንድ ጎራ አሉ። በገናዬን ተቀብለው አንዱን አውታር ነኩና፣ ጆሯቸውን ወደ ገበቴው፣ ቆዳ ወደተወጠረበት የድምፅ ሳጥን፣ ጠጋ አደረጉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ታፍኗል» አሉኝ።

የታፈነው እንዚራው ነው። እንዚራ ማለት እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ፣ ማለትም አውታሮቹን በሚደግፈው እንጨት ላይ፣ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩን ከበርኩማው በጥቂቱ ያነሳዋል። ጅማቱ ሲርገበገብ እንጨቱን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ ያደርጋል። እንደ ንብ የሚያዜመው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቁራጯ የፀጉር ያህል ወደ ፊት ብትሄድ ድምፁ ይሞታል፣ ወደ ኋላ ብትመለስ ይነሳል። ስለዚህ ደርዳሪው በገናውን በቃኘ ቁጥር ይነካካታል። የእኔን በገና የሠራው ሰው የአሥሩንም አውታሮች እንዚራ በኮላ አጣብቆት ነበር!

እሳቸው በምላጭ ኮላውን ፋቁት። አንዷን እንዚራ በጥፍራቸው ገፋ አደረጉ፣ አውታሩን ነኩ። የለም። ትንሽ መለስ አደረጉ፣ ነኩ። ቤቱ ሞላ። እኔ የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ደርዳሪ እየበዛ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሠሪና ጠጋኝ ግን አልበዛም። ሥልጠናው መዝሙር ማጥናት ላይ ብቻ ነው። 3 ወር ተምሮ ምስክር ወረቀት የያዘ ልጅ እንዚራ ማስተካከል አይችልም፣ አንድ ጅማት ሲበጠስበት በገናውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቡድናችን ውስጥ ብቻ እንዲህ የተሰቀሉ 3 በገናዎች አሉ።

የጅማቱም ነገር አለ። ድሮ ከበግ አንጀት ነበር። ታጥቦ፣ በቢላ ጀርባ ተፍቆ፣ ተገምዶ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ዛሬ አብዛኛው ናይለን ነው። ናይለን ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም። አንጀት ግን አየሩን ይሰማል። በደሴ ጉም የቃኘሁትን በገና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስከፍተው ቅኝቱን ለቆ ነው የማገኘው። እንደገና መቃኘት ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ጆሮን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ድምፁም ይለያል፣ ጠቆር ያለ፣ ሆድ የሚገባ ነው።

ወሎ በግ የሞላበት፣ ኮምቦልቻም የቆዳ ፋብሪካ ያለበት አገር ነው። ከ4ቱ የአገራችን የሙዚቃ ቅኝቶች 2ቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ታዲያ አንድ እንዚራ የሚቆርጥ ሰው ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ አለብን? የከተማችን የሙያ ማሠልጠኛዎች አልጋና ወንበር የሚሠሩ ልጆች በየዓመቱ ያስመርቃሉ። ከእነሱ መሐል 5 ልጆች ገበቴ መቦርቦርና ቆዳ መወጠር ቢማሩ ይበቃናል። የሚያስተምሩ አባቶች አሁንም በየገጠሩ አሉ፣ ግን እያረጁ ነው።

ጋዜጣችሁ ወሎ ውስጥ ብዙ አንባቢ አለው። አንጀት መግመድ የሚያውቅ፣ ወይም አባቱ ሲገምዱ ያየ ሰው ካለ ለዝግጅት ክፍላችሁ ይጻፍ፣ እናንተም አትሙት። ቡድናችን ትራንስፖርቱን ይችላል። የአባቴ በገናም ቆዳው እስኪለወጥለት እየጠበቀ ነው።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ