ነጥብ መቁጠር ለምን እንደተውን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እያንዳንዱ ሰው ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ በስፖንጅ ጎራዴ እየተዋጋ በሚጫወተው ጨዋታችን ከሚቀጥለው ጊዜ ጀምሮ ነጥብ አንቆጥርም። ስልክም በር ላይ ይቀራል። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብላችሁናል። ምክንያቱን ልንነግራችሁ ይገባል።

ስንጀምር እዚህ ባሕር ዳር፣ ከዓባይ ዳር ሜዳ ላይ የምንሰበሰበው ጥቂት ሰዎች ነበርን። አንዱ ሲራራ ነጋዴ፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ ሌላው ከንጉሥ የኮበለለ ሹም ይሆናል። አንድ ጊዜ ነጋዴ የሆነው ልጅ ቀኑን ሙሉ በአሞሌ ጨው ዋጋ ሲከራከር ዋለና፣ ጎራዴ ሳይመዝ፣ ማታ ላይ ሁለቱን ጦር አስታረቀ። ያንን ቀን እስካሁን እናወራዋለን።

አሁን ሰው ገና ሳይገባ የሚጠይቀው "ስንት ከገደልኩ ነው የማሸንፈው?" ብሎ ነው። በስፖንጅ ጎራዴ ይማታሉ፣ "ነክቼሃለሁ"፣ "አልነካኸኝም" ይባባላሉ፣ ጨዋታው ይቆማል፣ በመሃል ሰልፊ ይነሳል፣ ነጋዴ ሆኖ የመጣው ደግሞ ማንም ሳያናግረው ይመሻል። ባለፈው አንዲት ልጅ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ሁለት ገጽ ጽፋ መጥታ ነበር። የጠየቃት የለም። ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ቤቷ ሄደች። በጣም ነው ያዘንነው።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ሽልማቱን ብዙ ለመታ ሰው የሰጠነው እኛ ነን። ሰው ይብዛልን ብለን ከጨዋታው በፊት የነበረውን የግማሽ ቀን ዝግጅት ወደ 20 ደቂቃ አወረድነው። በ20 ደቂቃ ጎራዴ አያያዝ ይለመድ ይሆናል፤ ሌላ ሰው መሆን ግን አይለመድም።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ከውጭ የመጣ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፔክፎርተን በሚባል ግንብ በ1982 እ.ኤ.አ. መካሄድ ሲጀምር ሰው የሚገባው ገጸ ባሕርይውን ይዞ ነበር። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ሺዎች በሚሰለፉበት ጨዋታም ቢሆን ሰው ድንኳን ተክሎ፣ የሰፈሩን ታሪክና ጠላት ይዞ ነው የሚሰነብተው።

ግን እኮ ለዚህ ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ሰርግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን አጎታችሁን አስቡት። ፉከራው ሲጀመር ዱላውን ይዞ ይነሳል፤ ድምፁ፣ አረማመዱ፣ ዓይኑ ሁሉ ሌላ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስም ነው። ስሙ ራሱ ሰውየውን ወደ ጦርነቱ ያስገባዋል። የቅኔ አገር ሰዎች ሆነንስ በጨዋታው አስማት ስንሠራ "ተመታህ፣ ሦስት ነጥብ" ማለት አለብን?

ስለዚህ የግማሽ ቀኑ ዝግጅት ይመለሳል። ሁሉም የፈረስ ስም ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የለም። ያልፎከረ ጎራዴ አይመዝም። አስማተኛ የሆነ ሰው ሰምና ወርቅ ያላት ሁለት ስንኝ ራሱ ገጥሞ ይመጣል፣ ስንኟ ኮልታፋ ብትሆንም ግድ የለም። መመታቱን የሚናገረው የተመታው ነው፤ ክርክር የለም። በር ላይ ለድንገተኛ ጉዳይ አንድ ስልክ ክፍት ይሆናል፣ ቁጥሩን ለቤተሰብ ትሰጣላችሁ።

ከ40 ሰው በላይ አንቀበልም። ዋጋው አልተለወጠም። ፍልሚያ ብቻ የምትወዱ አልተረሳችሁም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለብቻው አዘጋጅተንላችኋል። ለውጡ የማይስማማው ሰው የከፈለው ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል።

የምትመጡ የፈረስ ስማችሁንና ገጸ ባሕርይው ከምን ሸሽቶ ወይም ምን ፈልጎ እንደመጣ በሁለት መስመር እስከ ሐሙስ ላኩልን። ያቺ ልጅም ይህን ካነበበች ወረቀቷን ይዛ ትምጣልን፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ በእሷ ታሪክ እንጀምራለን።

አዘጋጆቹ፣ ከባሕር ዳር