ይድረስ ለልጄ፦ ኪሎውን ራስህ መዝን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ባሕር ዳር ሕፃናት ክፍል በነርስነት መመደብህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ትንሽም አሰብኩ። አዋቂ በሽተኛ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ይልሃል፤ ሕፃን ይህ የለውም። ለእሱ የሚናገሩለት ሰዓትና ሚዛን ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቁጥር ነው። አንብበህ አስቀምጠው፤ በተራህ ሌሊት ያስፈልግሃል።

ከሁሉ በፊት ኪሎ። የመድኃኒቱ መጠን፣ የጠብታው ፍጥነት፣ የወተቱ ልክ በሙሉ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከጤና ጣቢያ በመጣው ወረቀት ላይ «10 ኪሎ» ተብሎ ቢጻፍም ራስህ መዝነው። ተንጠልጣዩን ሚዛን ከነመያዣው ባዶውን ሰቅለህ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እይ፤ ካልቆመ አስተካክል። ልብሱን አውልቅለት፤ የአንገቱን ክታብ እናቱ በእጇ ትያዝለት። አንቺው ያዢው ካልካት አትቆጣም፤ አንተ በጥሰህ ብታወጣው ግን ከዚያ በኋላ ምንም አትነግርህም። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ 10 ኪሎ የተባለ ልጅ ራቁቱን 8 ሆኖ ከተገኘ፣ እስካሁን የታዘዘለት ሁሉ ከሚገባው በሩብ በልጧል ማለት ነው።

ይህንኑ የ8 ኪሎ ልጅ ይዘን እንሂድ። ዕድሜው 14 ወር ይሁን።

እያሳለው ከመጣ ማዳመጫውን አንገትህ ላይ ተወውና ትንፋሹን ቁጠር፤ ሙሉ 60 ሰከንድ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ቆም ይላል፣ የአንድ ትንፋሽ ስሕተትህም አራት ይሆናል። እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ነጠላውን ከሆዱ ላይ ገለጥ አድርገህ ቁጠር። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። የኛ ልጅ 44 ከሆነ ፈጣን ነው፤ የ8 ወር ልጅ ቢሆን ኖሮ ግን አይባልም። ስለዚህ ዕድሜውን በደንብ ጠይቅ፤ «ዓመት ከምናምን» ካለችህ ለየትኛው በዓል አካባቢ እንደወለደችው ጠይቃት፣ ቁልጭ አድርጋ ትነግርሃለች። ቀጥሎ አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ እይ።

የኦክስጅን መለኪያው እጁ ከቀዘቀዘ፣ ከተወራጨ ወይም ጥፍሩ እንሶስላ ካለበት ያታልልሃል። እጁን አሙቀው ወይም ወደ እግሩ ጣት ቀይረው፤ መሣሪያው የሚያሳየው የልብ ምት አንተ ከቆጠርከው ጋር ሲገጥም ብቻ እመነው። የኦክስጅኑ መጠን ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ጀምርለት፤ ለዚህ ዕድሜ በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሊትር። አፍንጫው በንፍጥ ከተደፈነ ግን ኦክስጅኑ የሚደርሰው ለጉንጩ ነው፤ ጨውማ ውሃ ጠብ አድርገህ ጥረግለት፣ በየጊዜውም እየተመለስክ እይ።

ተቅማጥ ከሆነ የምትሰማው «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። ዓይኑ ቢጎደጉድም፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቀስ ብሎ ቢመለስም፣ ጠምቶት የሚጠጣ ልጅ መርፌ አያስፈልገውም። ለአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ (የተቅማጥ የጨውና ስኳር ብጥብጥ) በ4 ሰዓት ውስጥ፤ ለኛ ልጅ 600 ሚሊ ሊትር። ይህ ለእናቲቱ ብዙ ይመስላታል። ሲከፋፈል ግን በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ማንኪያውን አስይዛትና የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አብረሃት ቁም። ካስታወከው 10 ደቂቃ ጠብቃ ከዚያ ቀስ እያለች ትቀጥል። በጽዋ የሚያስጎነጩት ልጅ ነው መልሶ የሚያስታውከው፤ ከዚያም «ኦአርኤስ አልተስማማውም» ይባላል።

ፓኬቱ ለአንድ ሊትር ነው። ባዶ ሃይላንድ የግማሽም የሁለት ሊትርም ስላለ «በሃይላንድ በጥብጪው» ብለህ አትሸኛት፤ ዕቃውን አይተህ ልኩን በጣትህ አሳያት። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨዉ እጥፍ ይሆናል፤ ልጁ ይብስ ይጠማዋል፣ ይነጫነጫል፣ አልፎም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከሐይቁ ዳር የሚመጡት፣ የዘጌዎቹም ሆኑ ሌሎቹ፣ ውሃውን ከየት እንደሚቀዱ ጠይቃቸው፤ የጣና ውሃ ጥርት ቢልም ሳይፈላ አይበጠበጥበትም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዚንኩ ለዚህ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ትጨርሰው። ስድስት ወር ላልሞላው 10 ሚሊግራም።

ደንዝዞ፣ መጠጣት አቅቶት፣ ቆዳው ከሁለት ሰከንድ በላይ ተኮራምቶ ከቀረ ነው በደም ስር የሚሰጠውን ፈሳሽ የምትሰቅለው፤ ሪንገር ላክቴት የተባለውን። ለአንድ ኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ 70 በሁለት ሰዓት ተኩል፤ ለኛ ልጅ መጀመሪያ 240፣ ቀጥሎ 560። ሁለተኛው ክፍል 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆን ቱቦ በደቂቃ 75 ጠብታ ግድም ይመጣል። ከረጢቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ለጥፈህ ውሃው በየሰዓቱ የሚደርስበትን ጻፍበት። ልጁ እጁን ባጠፈ ቁጥር ጠብታው ይቆማል፣ እናት ስታቅፈው ይሮጣል፤ ፕላስተሩ ካለ ግን ከበሩ ሆነህ ታየዋለህ።

ከመስቀልህ በፊት ግን እግሩን ተጫን! ሁለቱንም የእግር ጀርባ በአውራ ጣትህ ሦስት ሰከንድ ይዘህ ልቀቅ። ጉድጓዱ ከቀረ፣ ወይም የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ የላይኛው ሂሳብ በሙሉ ይቀየራል። ከሲታ ልጅ ውሃ ባይጎድለውም ቆዳው ተኮራምቶ ይቀራል፤ ልቡ ደግሞ የደከመ ነው። በደም ስር በፍጥነት ብታፈስበት ሳንባው ይሞላና ከእጅህ ያመልጣል። በደም ስር የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ገብቶ የደም ዝውውሩ ሲደክም ብቻ፣ ያውም ሐኪም ቆሞ ነው። ለቀሪው በአፍ፣ ለከሲታ ልጆች የተዘጋጀው ሬዞማል፤ ለኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየግማሽ ሰዓቱ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት። በየመሀሉ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ቁጠር፤ ሁለቱም ከጨመሩ አቁም።

የከሲታው ልጅ ወተት ኤፍ 75 የተባለው የሕክምና ወተት ነው፤ ለኪሎ 130 ሚሊ ሊትር በቀን፣ በስምንት ተከፍሎ። ለ8 ኪሎ በየሦስት ሰዓቱ 130 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ እብጠቱ ፊቱ ድረስ ከወጣ ግን ለኪሎ 100 ይሁን። ሰዓቱ ለኛ አቆጣጠር የተሠራ ይመስል 12፣ 3፣ 6፣ 9 ነው። የሚዘለለው ሁልጊዜ የሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እናት ደክሟት ትተኛለች፣ ነርሱም ያንቀላፋል። ጠዋት ቀዝቅዞና ደንዝዞ የሚገኘው ልጅ ያን ወተት ያልጠጣው ነው። ስልክህን ሞልተህ ተኛ ልልህ ነበር፤ አትተኛ። ጡጦ አይገባም፤ በኩባያ፣ ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አፍንጫውን ሳይይዙ። ከቀረበለት ከ80 በመቶ በታች ደጋግሞ ከጠጣ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ በሚደርስ ቱቦ ስጠው፤ ወተቱ ራሱ ይውረድ፣ በሲሪንጅ አትግፋው።

ክረምቱ ወጥቶ እስከ ታኅሣሥ ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ ወባ ይመጣብሃል። የሚያንቀጠቅጠውን ልጅ በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ፤ አስታማሚው ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ሲነሳ ክብሪቱን በትሕትና ተቀበለው። ከዚያ የስኳር መጠኑን እይ። ዝቅ ካለ ለኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ግሉኮስ ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ግን ባለ 40 በመቶው ይሆናል። 10 ሚሊ ሊትሩን በ30 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ አቅጥነው፣ 40 ሚሊ ሊትር ይወጣል፤ ለ8 ኪሎው ልክ ነው። ሳይቀጠን ቢሰጥ ደም ስሩን ያቃጥላል። የወባውን መርፌ፣ አርቴሱኔቱን፣ በመጀመሪያ ከራሱ ቢካርቦኔት ጋር ጥርት እስኪል በጥብጥ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይሆናል። ከ20 ኪሎ በታች ላለ ልጅ ለኪሎ 3 ሚሊግራም ስለሆነ ለኛው 24 ነው። ሲጀመር፣ በ12ኛው እና በ24ኛው ሰዓት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ብጥብጥ ይጣላል።

ቆይተው ለሚመላለሱት ልጆች ደግሞ ዋናዋ ነርስ እናት ናት፤ አንተ አስተማሪዋ ነህ። በጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው (ሩማቲክ) የልብ ሕመም ያለባቸው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉት በየ28 ቀኑ ነው። «በየወሩ ነይ» ካልካት በ30 ቀን ትመጣለች፣ ጳጉሜን ስትገባ 35 ይሆናል፤ መድኃኒቱ ግን ከደሙ እየሳሳ ነው። የሰፈሯ ገበያ ማክሰኞ ከሆነ «በየአራተኛው ማክሰኞ» በላት፤ አትረሳም። ፈሳሹ ወፍራም ስለሆነ በቀጭን መርፌ ይደፈናል፤ በደንብ ነቅንቀህ፣ ወፈር ባለ መርፌ፣ ቀስ ብለህ ስጥ። ከ30 ኪሎ በታች 600,000 ዩኒት ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ጠበል ሲወስዱት አትከልክል፤ ክኒኑ እንዳይቋረጥ ብቻ ተማጠን። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ልጁ መንቀጥቀጡን ሳያቆም ሊውል ይችላል። ጠበሉን ጠጥቶ ክኒኑንም ይዋጥ። ኢንሱሊን ለሚወጉት ማቀዝቀዣ ከሌላቸው ትልቅ ገንቦ ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው መሀል ትንሽ ገንቦ፣ አሸዋውን በየቀኑ ማራስ፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ። የሚደፈርሰውን ዓይነት በመዳፍ መሀል ማንከባለል እንጂ መናጥ የለባትም።

ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ስትጀምር ሁለት ጊዜ ካልተሳካልህ ለሌላ ሰው ስጥ፤ ኩራት ለዚህ ክፍል አይሆንም። ልጁ የሚጠባው ጣት ያለበትን እጅ ተወው፤ በሌላኛው ጀምር። ሰዎቹ «ዶክተር» ይሉሃል፤ አንዴ አርማቸውና ተወው።

ሰዓት በሰው ልኬልሃለሁ፤ የሰከንድ መርፌ ያለው ነው። ክንድህ ላይ እንዳታስረው። ከክርን በታች ምንም ካለ እጅ በደንብ አይታጠብም፤ ደረት ኪስህ ውስጥ አንጠልጥለው።

እናትህ