ኖቭጎሮድስ የት ገባች?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሩሲያውያን አመጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሩቅ አገር ታሪክ በአማርኛ እንዲህ ተዘርዝሮ ሲቀርብ ደስ ይለኛል። ብዕር ያስነሣኝ ግን ይህ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከብርቱ ገዢ በቀር ሌላ አስተዳደር አያውቅም የሚለው አባባል ነው። ጸሐፊው ከኪየቭ ተነሥቶ በአንድ እርምጃ ሞስኮ ሲገባ የሰሜኗን ከተማ ኖቭጎሮድን ዘሏታል። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ማስረጃ ያደረገው የ862ቱን ታሪክ ነው። መነኮሳት በጻፉት ዜና መዋዕል መሠረት፣ እርስ በርስ መስማማት ያቃታቸው የሰሜን ስላቮችና ጎረቤቶቻቸው ከባሕር ማዶ ቫራንጋውያን የሚባሉትን የስካንዲኔቪያ ሰዎች ኑና ግዙን ብለው ጠሩ፤ ከእነርሱም ሩሪክ የተባለው ከወንድሞቹ ጋር መጥቶ ገዛ። ይህ ግን የተጻፈው ሆነ ከተባለበት ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የሩሪክ ዘር ነን የሚሉ መሳፍንት በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። የገዢን የዘር ሐረግ የሚያጸና ታሪክ በምን ዓይን እንደሚነበብ እኛ ኢትዮጵያውያን አይጠፋንም። የስካንዲኔቪያ ሰዎች መምጣታቸውስ እውነት ነው። በ839 ከቁስጥንጥንያ መልእክተኞች ጋር ፍራንኮች ንጉሥ ዘንድ የደረሱት «ሮስ ነን» ባዮች ሲመረመሩ ስዊድናውያን ሆነው ተገኝተዋል። ይሁንና ነጋዴም ጦረኛም ሆነው ወንዝ ለወንዝ እየቀዘፉ የመጡት እነዚህ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ከአገሬው ጋር ተዋሐዱ። የኪየቩ መስፍን የኢጎርና የሚስቱ የኦልጋ ልጅ ስቪያቶስላቭ ተባለ፤ ስሙ ጥርት ያለ የስላቭ ስም ነው። አባትየው ኢጎር በ945 ገደማ ግብር ሰብስቦ ሲያበቃ ጨምሩ ብሎ ቢመለስ ግብር ከፋዮቹ ድሬቭልያኖች የተባሉት ስላቮች ገደሉት። ኦልጋ ደሙን ክፉኛ ከተበቀለች በኋላ ግን የግብሩን ልክና የሚሰበሰብበትን ቦታ ወሰነች። ገዢውም ልክ ያለው መሆኑን የተማረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኖቭጎሮድ። በ1136 የከተማይቱ ሰዎች መስፍናቸውን ቭሴቮሎድን ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከአማቱ ጋር በጳጳሱ ግቢ አሰሩት። በየቀኑ 30 የታጠቁ ሰዎች ሌትና ቀን ይጠብቁት ነበር። ክሱም በዜና መዋዕላቸው ሰፍሯል፦ ለገበሬው አያስብም፤ እኛን ትቶ ፔሬያስላቭል ሊነግሥ ፈልጎ ነበር፤ ከጦር ሜዳም ከሁሉ ቀድሞ ሸሽቷል። ከዚያም አባረሩትና ሌላ አስመጡ። ከዚህ በኋላ ኖቭጎሮድ የሚመጣ መስፍን በውል የሚገባ ሆነ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ውሎች ፖሳድኒክ የሚባለው የከተማው ሹም ሳይኖር መስፍኑ እንዳይፈርድ፣ በኖቭጎሮድ ምድርም ርስት እንዳይዝ ይከለክላሉ። ጉዳዩን የሚመክረው ቬቼ የተባለው ሸንጎ ነበር፤ ደወሉ ሲደወል ሰው ይሰበሰባል። ሊቀ ጳጳሳቸውን እንኳ ከ1156 ጀምሮ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሩስ ትባል የነበረችው የዚያች አገር ቤተ ክርስቲያን ዋና ጳጳስ (ሜትሮፖሊታኑ)፣ እኛ ከእስክንድርያ እናስመጣ እንደነበረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቁስጥንጥንያ የሚላክ ግሪካዊ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሸንጎውን ገነት አላደርገውም። ቦያር የሚባሉት ባለጸጎች ይዘውሩት ነበር፤ ጠቡ ሲከር በቮልኾቭ ወንዝ ድልድይ ላይ መደባደብም ነበረ። ሆኖም መስፍንን በክስ ማባረር የቻለ ሕዝብ ሌላ አስተዳደር አያውቅም ሊባል አይችልም።

ነገሩ ለእኔ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሌኒንግራድ ስማር ለጉብኝት ወደ ኖቭጎሮድ ወስደውን ነበር። ሰዎቹ ደብዳቤያቸውን የሚጽፉት የበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በሹል ነገር እየጫሩ ነበር፤ ከ1951 ወዲህ ከከተማይቱ ጭቃ ከ1,100 በላይ ወጥቷል። አስጎብኚያችን ኦንፊም የተባለ ሕፃን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጫረውን ቅጂ አሳየችን። በአንድ ወገን ባ፣ ቫ፣ ጋ፣ ዳ፤ ከዚያ ቤ፣ ቬ፣ ጌ፣ ዴ እያለ ይቆጥራል። ልክ እኛ የኔታ ፊት እንደቆጠርነው! በሌላው ወገን አንድ አውሬ ሥሎ «እኔ አውሬ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል፤ አጠገቡም ለጓደኛው ለዳኒሎ ሰላምታ አለ። ሌላ ቅርፊት ላይ ደግሞ ፈረሰኛ ሆኖ ጠላት ይወጋል፤ የሰዎቹ ጣቶች አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት ናቸው። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ልጁ ፊደል በቆጠረበት ዘመን ገደማ፣ በ1240፣ የሞንጎሎች መሪ ባቱ ኪየቭን አቃጠላት። በ1238 ወደ ኖቭጎሮድ ያቀናው የሞንጎል ጦር ግን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ተመልሷል፤ ኋላ ግብር መክፈሉ ባይቀርላትም። በ1147 ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ የተጻፈው ሞስኮ ያደገችው ከዚህ በኋላ ነው። የሞስኮው መስፍን ኢቫን ካሊታ ለሞንጎሎቹ ገዢ ለካኑ ግብር እየሰበሰበ ከበረ፤ የሜትሮፖሊታኑም መንበር ወደ እርሱ ዞረ። እንግዲህ የሞስኮ ሥርዓት ከብዙ መንገዶች አንዱ ነበር እንጂ ከጥንት የተወረሰ ብቸኛ መንገድ አልነበረም። ኪየቭንም ቢሆን ዩክሬናውያንና ቤላሩሳውያን የእኛ መነሻ ናት ይላሉ፤ ይህንንም ጽሑፋችሁ አላነሣውም።

በ1478 የሞስኮው ኢቫን ሦስተኛ ኖቭጎሮድን ሲያስገብር የሸንጎውን ደወል አስወርዶ ወደ ሞስኮ አስወሰደው። ተከታታይ ክፍል ካላችሁ እባካችሁ ስለዚያ ደወል ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ