የአየር ታክሲ ከመጣ መጀመሪያ ለሕሙማን ይሁን

ክቡር አዘጋጅ፤

በውጭ አገር ስለሚሞከሩት፣ በባትሪ እየበሩ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብለው ስለሚነሡት የኤሌክትሪክ አየር ታክሲዎች የሚወጣው ዜና ጅማም ደርሶ መነጋገሪያ ሆኗል። በአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከሌላው ይልቅ ነገሩ ይነካናል። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይነሣል። ወጣቶቹ «ለእኛ የሚደርሰን መቼ ነው?» ይላሉ፤ በአጥሩ ዙሪያ ከብት የሚያሰማሩት ሽማግሌዎች «ለማስፋፊያ ብለው የቀረችንን መሬት እንዳይወስዱብን» ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለየትኛውም የክልል ከተማ ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት ነዋሪው ሐሳቡን መስጠት አለበት ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌያለሁ። ነገር ካለቀ በኋላ ሕዝብን ጠርቶ ማስጨብጨብ ለማንም አልበጀም።

ብዙ ሰው የሚመኘው ከጅማ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ታክሲ ነው። የቡና ነጋዴ ጎረቤቶቼ በተለይ ይህን አጥብቀው ይጠይቃሉ። ነገር ግን መሣሪያው ለዚያ አልተሠራም። በዘርፉ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ የሆነው ጆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ታክሲ ከአብራሪው ሌላ አራት ሰው ይይዛል፤ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ባትሪው አንዴ ተሞልቶ የሚያስኬደው ግን ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአየር በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ250 ይበልጣል። ወልቂጤ ወርዶ ባትሪ እየሞላ የሚሄድ ታክሲ፣ ዛሬም መደበኛ በረራ ባለበት መስመር ላይ ምን ይጨምርልናል?

ጥቅሙ የሚታየው ፊታችንን ወደ ወረዳዎቻችን ስናዞር ነው። ክረምት ላይ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጭቃ እስከ መስኮቱ የለጠፈ አምቡላንስ ይገባል። የኋላ በሩ ሲከፈት በጋቢ የተጠቀለለች ወላድ ትታያለች፤ ከጎኗ ባልና ወንድም፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ቀይ ጭቃ። መኪናው መንገድ ያለበት ድረስ ብቻ ስለሚደርስ፣ ከመንደር እስከ መኪናው በቃሬዛ የተሸከሟት እነርሱ ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰሙ ቤተሰቦች በእኔ ሰፈርም አሉ።

ጌራን፣ ዴዶን፣ ሊሙ ገነትን አስቡ፤ ሁሉም በአየር ከጅማ ቅርብ ናቸው። ቦንጋ እንኳ በቀጥታ መስመር ከ80 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ደርሶ መልሱ ግን የባትሪውን አቅም ጥርግ አድርጎ ይጨርሰዋልና እዚያም መሙያ መተከል ይኖርበታል። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ፈቃድ የሚሰጠው አካል በፈቃዱ ላይ «የመጀመሪያው አገልግሎት ለሕሙማን ነው» ብሎ በጽሑፍ ያስፍርልን። ወንበሮቹ ወጥተው አንድ ቃሬዛና አንዲት አዋላጅ ነርስ ይግቡ። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድሮኖችን ያሠማራችው ደምን ለሆስፒታሎች ለማድረስ ነው፤ ቅድሚያ ለሕይወት መስጠት በአፍሪካችን ተሞክሮ የተሳካ መንገድ ነው።

የሚያሳስበኝን ደግሞ አልሸሽግም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቀጥ ብሎ የሚነሣ መሣሪያ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ተጨማሪ ኃይል ይጠይቀዋል፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጣ የሙከራ ውጤት እንዳለ ለእኛ ሊሠራ አይችልም። ዝናባችንና የጠዋት ጉማችንም አሉ። በኪቶ ፉርዲሳ የሚገኙት የዩኒቨርሲቲያችን መሐንዲሶች ይህን በራሳቸው እጅ ሊለኩት ይገባል።

ኤሌክትሪኩስ? 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ደጃችን ላይ ነው፤ እኛ ግን ሻማ ከቤታችን አይጠፋም። ባትሪው ሳይሞላ መብራት ቢጠፋ ወላዷ ማንን ትጠብቃለች? መሙያው ራሱን የቻለ መስመርና የመጠባበቂያ ኃይል ሳይኖረው ሥራ መጀመር የለበትም።

ድምፁ ጎረቤቶቼ ከሚፈሩት ያነሰ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የጆቢን ታክሲ ድምፅ ለክቶ፣ በ500 ሜትር ከፍታ ሲያልፍ ወደ 45 ዴሲቤል ብቻ አግኝቷል። ሲነሣና ሲያርፍ ግን ከዚያ በላይ ይጮኻል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው የሚነሣበትና የሚያርፍበት አጠገብ ነው። በቦዬ ረግረግ የሚሰፍሩት ወፎችም በጥናቱ ይካተቱ።

የገንዘቡ ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። ቮሎኮፕተር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ መንገደኛ አሳፍራለሁ ብሎ ሳይሳካለት ቀረ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ዕዳውን መክፈል እንዳቃተው አስታወቀ። የአገሩ ልጅ ሊሊየምም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ ሻጩ ቢከስር ጥገናውን ማን እንደሚረከብ በውል መታሰር አለበት።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አውሮፕላን ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው አየር መንገዳችን ነገሩን ገና ከጅምሩ ከሕዝብ ጋር ይምከሩበት። ውይይቱ በየቀበሌው አዳራሽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይካሄድ። የመሬት ጥያቄ ካለ ካሳውና ምትክ ቦታው አስቀድሞ ይነገር። ከወረዳዎቹ ጤና ጣቢያዎች አዋላጆችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ተጠርተው ይምጡ፤ የትኛው መንደር በየትኛው ወር መንገዱ እንደሚዘጋ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ነዋሪ
ጅማ