የወይራ ዱላቸውን ለእሳት ለሰጡን አባት

ይህን የምጽፈው በዘጠኛችን ስም ነው። ሁላችንም የድሬዳዋ ነን፤ ሰባታችን የከዚራ ሰፈር፣ ሁለቱ የሳቢያን ልጆች ነን። ዛሬ ሁላችንም ከኩንዱዶ ተራራ ተርፈን ቤታችን ገብተናል። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት እህታችንም ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ ጋ ሁለቱም ይባላል።

ምስጋና የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ነግረውኛል። «ለአላህ ብዬ ያደረግኩት ነው፣ ስም ምን ይሠራል» አሉ። ስለዚህ አባባ እላቸዋለሁ። ያን ሌሊትም የምንጠራቸው እንደዚያ ነበር።

ኩንዱዶ ተራራን የወጣነው መስከረም 18 ነው። ጉርሱም ያለውን ማለቴ ነው፣ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ የሆነውን። እዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ፤ ሄደን እንያቸው ከተባባልን ዓመት አልፎናል። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። 1,000 ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሆኖም ሙቀት የለመደ ሰው ብርድ አይታየውም። ስስ ጃኬት ደርበን ሄድን። ደግሞ ደመራው ተለኩሷል፣ መስቀል አልፏል፣ ከእንግዲህ ዝናብ የለም ብለናል። የቡድኑ ታላቅ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወላጆችን በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፈረሶቹን በጉም ውስጥ አየናቸው። ስለእነሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ አንዷ ተንሸራተተች፣ እሷን ተሸክመን ቁልቁል ስንል መሸ። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ገብተን ተጠጋጋን። ኔትወርክ የለም። ከመካከላችን ትንሹ ልጅ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ መንቀጥቀጡን አቆመ። እኔ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። የነርሲንግ ተማሪዋ ልጅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አልተሻለውም፣ ሰውነቱ ሙቀት መሥራት እያቃተው ነው» አለች። ያኔ ነው እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ።

አባባና የልጅ ልጃቸው ያገኙን በዚህ ሰዓት ነው። ከብት እየነዱ ሲወርዱ ድምፃችንን ሰሙ። ቤታቸው ሩቅ አልነበረም፣ ግን መሃል ያለው ወራጅ ሞልቷል። ጎርፍ ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገረውም። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን እናቶቻችን ዛሬም እያነሱ ያለቅሳሉ። እንሻገር ያለ አንድም ሰው አልነበረም። በላይ በኩል በገደሉ ጥግ የሚያዞር ቀጭን መንገድ ነበር። አባባ ከልጁ ጋር በዚያ መሄድ ይችሉ ነበር። ይህን የነገረን ልጁ ነው፣ በማግስቱ። እሳቸው አንዴም አላነሱትም። ከብቶቹን ቋጥኙ ሥር አስጠጉና ከእኛ ጋር ቁጭ አሉ።

እኛ እሳት ለማንደድ እየታገልን ነበር። ሁለት ላይተር ይዘናል። አንደኛው ርሶ እምቢ አለ። ሌላው ይሠራል፣ ግን የምናቀጣጥልበት ነገር የለንም። እርጥብ ጭራሮ ከምረን ሶፍትና የብስኩት ካርቶን ሥሩ ወሸቅን። ጭስ ብቻ ሆነ። እፍ እፍ ብለን ዞረብን። አባባ እጄን ያዝ አደረጉና «ሱታ፣ ሱታ» አሉ። በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር እንደገና አስጀመሩን። ልጁ እያስተረጎመ ነበር። መሬት የወደቀውን እንጨት አታምጡ፣ ውሃ ጠጥቷል። ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀውን የጥድ ቅርንጫፍ ስበሩ። ቋ ካለ ልቡ ደረቅ ነው። ከተለመጠ ተዉት። ቁልቋል እንዳትነኩ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ሁለቱ ልጆቻችን ድንጋይም አምጥተው ነበር። አባባ የወራጁን ድንጋይ እየለዩ ወረወሩት። ውሃ ያደረበት ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል። ከቋጥኙ ሥር የነበረውን ደረቁን ድንጋይ ደለደሉ። በላዩ የክንድ ውፍረት ያላቸውን እንጨቶች ጎን ለጎን አነጠፉ። እሳቱ እርጥብ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ነው። ቅርንጫፎቹን ደግሞ ቢላዋቸውን በድንጋይ እየመቱ ፈለጧቸው። ላዩ ውሃ የሚያንጠባጥበው እንጨት ውስጡ ነጭና ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ስልኬን አብርቼ ሳየው ማመን አቃተኝ።

ይህም ሆኖ መነሻ ጠፋ። ክብሪትና ላይተር የሚይዘው ቀጭን ደረቅ ነገር አልነበረንም። አባባ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና በቢላዋ ይፍቁት ጀመር።

ስለዚህ ዱላ መናገር አለብኝ። የወይራ ነው። ልጁ እንደነገረን ከእሱ ዕድሜ ይበልጣል። ዓመታት ሙሉ ምድጃ በላይ ጭስ ጠጥቷል፣ ቅቤ ተቀብቷል፣ በእጅ ተሽቷል። ያንን ዝናብ ከላዩ አንከባልሎ ጥሎታል እንጂ አልገባበትም። መጀመሪያ የላዩን እርጥበት በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀጥለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርገው ፋቁት። ፍቅፋቂውን ልጁ በሁለት እጁ አቅፎ ከነፋስ ጠበቀው። ዱላው በሩብ ሲያጥር «ይበቃል አባባ» አልኩ። አልሰሙኝም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

በዚህ ጊዜ አንዷ ልጃችን ቦርሳዋን ከፈተች። በዋዜማው ሐረር አድረን ስለነበር ለእናቷ ከሸዋ በር ገበያ እጣን ገዝታ ነበር። በፌስታል ተቋጥሮ። አባባ ሲያዩት ሳቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጣን ሙጫ ነው፣ ቢረጥብም ይነዳል። ፍሬ ፍሬውን ፍቅፋቂው መሃል በተኑት። ከጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት አወጡ። አራት እንጨት ነበር የቀረው።

አንደኛው ጠፋ። ሁለተኛውን ነፋስ ወሰደው። ጃኬቶቻችንን ዘርግተን ግድግዳ ሠራን። ሦስተኛው ያዘ።

እንጨት ልጨምር ስል እንደገና «ሱታ»። መጀመሪያ የክብሪት እንጨት የሚያህለውን፣ ከዚያ የእርሳስ፣ ከዚያ የአውራ ጣት። ትልቁ የገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እርጥቡን ፍልጥ ዙሪያውን አቁመው እያደረቁ ቀስ በቀስ ይመግቡት ነበር። እሳቱ ያለው ከቋጥኙ ሥር መግቢያው ላይ ስለሆነ ጭሱ አላፈነንም። ቋጥኙ በእጣን ሸተተ። አንዷ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ነው አለች፣ ልጁ የጫት ቤት ሽታ ነው አለ።

ትንሹን ልጅ እርጥብ ልብሱን አውልቀን በአባባ ጋቢ ጠቀለልነው። ጋቢውም ዳር ዳሩ ቢረጥብ መሃሉ ሞቃት ነበር። የነርሲንግ ተማሪዋ እጅና እግሩን አትሹት፣ ደረቱንና ብብቱን አሙቁ አለችን። ሁለት ሆነን አቀፍነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀስኩ። አባባም ያን ሌሊት አልተኙም። ጋቢ የሌለው ትከሻቸው ከእሳቱ ብርሃን ጋር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ሲነጋ ወራጁ ጎድሎ ነበር። የቤታቸው እናት፣ አዴ፣ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ቤታቸው ወስደው አሞቁን፣ አበሉን። የተጎዳችውን በወሳንሳ እስከ መኪና መንገድ ያወረዱልን የመንደሩ ጎረምሶች፣ ሌሊቱን ሙሉ ታች ሆኖ የጠበቀን ሹፌር፣ በድሬ ከቤት ቤት እየዞራችሁ ስታጽናኑ ያደራችሁ ጎረቤቶች፣ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ገለቶማ።

አባባ፣ የእርስዎን ምስጋና ልጁ ያነብልዎታል ብዬ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት። እናንተ ጋ ቆሜ ስናገር እንባ እየቀደመኝ አልቻልኩም። ትንሹ ልጃችን ትምህርቱን ጀምሯል። እናቱ በየሶላቱ ስምዎን ታነሳለች።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ሄደን ነበር። ስኳር፣ ቡና፣ ጋቢ ያዝን። አዲስ የወይራ ዱላም ገዛን፣ ሐረር ካለው ሁሉ መርጠን። አባባ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት። «ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን ገና እርጥብ ነው።» ከዚያ ልጁን ጠርተው ምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ አሰቀሉት። እሳቸው በአጭሩ ዱላ እየተመረኮዙ እስከ መንገድ ሸኙን።