ግልጽ ደብዳቤ፦ ሁለቱን የናሙና ጠርሙስ ለደባለቀው የውሃ መርማሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም በአደባባይ አልጠራም፤ መዝገብ ቤታችሁ ገቢ ተደርገው መልስ ያጡት ማመልከቻዎቼ ጉዳዩን ይነግሩዎታል። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ።

በሠፈራችን መንገድ ሲቆፈርና ቧንቧ ሲቀየር ከርሞ ውሃው ሲለቀቅ ግራጫማ ደለል ይዞ ይወርድ ስለነበር፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ከጣሪያው ሮቶ በሚወርደው መስመር ላይ «ናኖ ሲልቨር» የሚባል፣ የብር ቅንጣት የተቀባ ማጣሪያ አስገጠምን። ብር ባክቴሪያ እንደሚገድል ሻጩ ነግሮናል፤ እውነቱን ነው። ያው ብር ከማጣሪያው እየተላቀቀ ወደ ብርጭቋችን ይግባ አይግባ ግን ሻጩም አያውቅም፣ እኔም ያለ ምርመራ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ከፍዬ፣ ብርና እርሳስ እንዲመረመርልኝ ሁለት ጠርሙስ ናሙና ይዤ መጣሁ።

አንደኛው ጠቅላላው መጠን እንዲለካበት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት ነው። ሁለተኛው ምንም አልተጨመረበትም፤ አሲድ የብር ቅንጣትን ስለሚያሟሟው፣ ብሩ በቅንጣት መልክ ይኑር ወይስ ሟሙቶ ይሁን ሊለይ የሚችለው ባልተነካው ናሙና ብቻ ነው። ይህንኑ በጠርሙሶቹ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ነበር። ናሙና ተቀባዩ ግን መስኮቱ ላይ ቆሜ እያየሁት ሁለቱንም አንድ ጀሪካን ውስጥ ገለበጣቸውና «እማማ፣ ያው አንድ ውሃ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ጀሪካን የወጣው ውጤት ደማቅ ማኅተም አርፎበታል፦ «እርሳስ፦ አልተገኘም። ብር፦ አልተገኘም። ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው።» በምን መሣሪያ እንደተለካ፣ መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ናሙናው ከመለካቱ በፊት ተጣርቶ እንደሆነ አንድም ቃል የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ያስቀመጠው የመመሪያ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ በነበልባል የሚሠራው የአቶሚክ አብዞርብሽን መሣሪያ ይህን ያህል ጥቂት እርሳስ አስተማምኖ መለካት እንደሚቸግረውም እንዲሁ። ለዝሆን በተሠራ ሚዛን ጤፍ መዝኖ «ክብደት የለውም» ማለት ምርመራ ከተባለ፣ ማኅተሙን ብቻ ሸጣችሁልን ብንገላገል ይሻል ነበር።

ናኖ ቅንጣት ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ነገር ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በቤተ ሙከራ «የሟሟ» የሚባለውን ለመለየት የተለመደው ማጣሪያ ቀዳዳው 450 ናኖ ሜትር ስለሆነ፣ ቅንጣቱ ሾልኮ ያልፍና ከሟሟው ጋር ይቆጠራል። የድፍርስነት መለኪያም በዚህ መጠን ያለውን ጥቂት ብር አይነግረንም። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ የሚቆጥረው በነጠላ ቅንጣት ዘዴ የሚሠራው አይሲፒ-ኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ከሌላችሁ የለንም ማለት ነውር አልነበረም።

ጉዳዩን በቃል ሳስረዳ ከእናንተ ወገን የተሰጠኝ መልስ፣ ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያው ሲወጣ ተመርምሮ ስለሚለቀቅ አልጨነቅ የሚል ነው። በጣቢያ የሚጨመረው አልሙኒየም ሰልፌት ብዙውን ቅንጣት አጣብቆ እንደሚያዘቅጥ እኔም ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ውሃው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል የሚተወው ንጥረ ነገር ሲበዛ ቅንጣቶቹን ይሸፍናቸውና መጣበቃቸው ይቀንሳል፣ የሟሟ ብር ደግሞ በአሸዋ ማጣሪያ በቀላሉ አይያዝም። ይሁንና የእኔ ጥያቄ የለገዳዲን ወይም የገፈርሳን ማጣሪያ ጣቢያ አይመለከትም። ከጣቢያው በኋላ ቧንቧ አለ፣ እርሳስ ሊለቅ የሚችል የነሐስ መክፈቻ አለ፣ ሮቶ አለ፣ ያ ማጣሪያ አለ። ናሙናውን የቀዳሁት ከማድ ቤቴ ነው፤ መልሱ የመጣልኝ ስለ ጣቢያው ነው።

ውሃው ይጎዳል ብዬ ጎረቤት አላስፈራራሁም፤ ለብር እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና መመሪያ ወሰን አላወጣለትም። የጠየቅሁት ስንት እንዳለ ነው። የአሠራር ዘዴውን መረጃ በጽሑፍ ስጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ፤ ስብሰባው እስካሁን አላበቃም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የሚከለከል ዜጋ ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ሊነገረው እንደሚገባ ለእርስዎ ማስታወስ የኔ ሥራ አልነበረም።

የከፈልሁት ገንዘብ ይመለስልኝ አልልም። የተለካበት ዘዴና የመሣሪያው ዝቅተኛ ወሰን በውጤት ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ፤ መለካት ካልተቻለ ደግሞ «አልተገኘም» የሚለው ተሰርዞ «አልተመረመረም» ተብሎ ይታረምልኝ። አዲስ ናሙና አመጣለሁ፣ አሁንም በሁለት ጠርሙስ፤ የምሰጠው ግን ለሚለካው ባለሙያ በእጁ እንጂ ለመስኮቱ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራት ኪሎ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህርት